ከ«ራቢየስ» እስከ «እብድ ውሻ»፦ ስሙ ያሳሳተን በሽታ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ግንኙነት ላይ በባሕር ዳር የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ጤና አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ «ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ግን እንዳይሆን፤ ባለፈው ጊዜ ሰው ምሳውን እየፈራ ነው የበላው» የሚል ማሳሰቢያ ጨምሮበታል። (ሳቅ) እሺ ብያለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ቃል ነው። ሐኪም ከቃል ጋር ምን አገናኛት የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። እኔ በምሠራበት በሐሙሲትና በዙሪያው ቃል ሰው ሲገድል አይቻለሁ። ማጋነን እንዳይመስላችሁ።

ነገሩን ያነሳችው ስዊድን የምትኖረው የዶርማችን ልጅ ናት። በባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እዚህ አንዷን ፖለቲከኛ ራቢያት ብለው ሰደቧት። መዝገበ ቃላት ሳይ አክራሪ፣ በቁጣ የነደደ ይላል። ከሬቢስ ጋር ይዛመዳል እንዴ?» የሕክምና ተማሪ የነበርነው ሁሉ ሳቅን፤ ግማሹ «አይዛመድም» አለ፤ ግማሹ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ቀጠለ። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼ ፍለጋ ገባሁ።

ይዛመዳል። በላቲን «ራቤሬ» ማለት መንደድ፣ መቆጣት፣ ማበድ ነው። ከእሱ «ራቢየስ» የሚለው ስም ወጣ፤ እብደት፣ ቁጣ ማለት ነው። ሮማውያን ለውሻም፣ ለሰውም፣ ለባሕር ማዕበልም ሳይቀር ይሉት ነበር። የፈረንሳይኛው «ራዥ»፣ የእስፓንኛው «ራቢያ» የዚሁ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ቁጣንም በሽታውንም ይጠሩበታል። ወደ ሰሜን አውሮፓ ደግሞ ቃሉ በሁለት በር ገባ። አንደኛው የሐኪሞቹ በር ነው፦ ስዊድኖችም፣ ዴንማርኮችም፣ ኖርዌዮችም በሽታውን እንደ እኛ መማሪያ መጻሕፍት በላቲኑ ስሙ ይጠሩታል። ሁለተኛው በር የመንገድ ነው። በኋለኛው ዘመን ላቲን «ራቢያቱስ» የተባለው ቅጽል በጀርመንኛ በኩል አልፎ በሦስቱም ቋንቋዎች «ራቢያት» ሆነ፤ ልኩን የሳተ፣ አክራሪ እንደ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ የሚጣበቀው «ፌሚኒስት» በሚለው ቃል ላይ ነው አሉ። እኛ ሴቶች የትም ብንሄድ አንድ ውሻ ነክ ስም ሳይጠብቀን አይቀርም ማለት ነው።

የቃሉ ዘመድ የሆነ አንድ ሌላ ደግሞ አለ። በላቲን «ራቡላ» በፍርድ ቤት የሚጮህ፣ የሚያምታታ ጠበቃ ነበር። (የሕግ ምሩቃን ይቅርታ።) ከእሱ «ራቡሊስት» የሚለው ቃል መጣ፤ በስዊድን አገር ሕዝብ የሚያነሳሳ ሰው ማለት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1838 አንድ ጸሐፊ ንጉሡን ዘልፈሃል ተብሎ ሲፈረድበት ስቶክሆልም ውስጥ የተነሣው ረብሻ በታሪካቸው የራቡሊስቶች ረብሻ እየተባለ ይጠራል። አስቡት እንግዲህ፦ ከውሻ አፍ የተነሣ ቃል በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ ተጉዞ የፖለቲካ ስድብ ሆነ።

ሕዝቡ ለበሽታው የራሱ ስምም ነበረው። ዴንማርኮች «ሁንደጋልስካብ» ይሉታል፤ ቃል በቃል የውሻ እብደት ነው። ኖርዌዮቹም እንደዚያው ናቸው። አይስላንዶች «ሁንዳአይዲ» ይላሉ፤ ያው የውሻ እብደት ነው። ስዊድኖች ግን በድሮው ቋንቋቸው «ቫቱስክሬክ» ይሉት ነበር፤ የውኃ ፍርሃት ማለት ነው። ይህቺን የውኃ ፍርሃት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። ጎንደር ላይ የሕክምና ትምህርት ቤታችን እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚጉ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲከፈት የመጡት ጀርመናውያን መምህራንም ለበሽታው «ቶልቩት» የሚል ስም ይዘው ነው የመጡት። «ቶል» እብድ ነው፤ «ቩት» ቁጣ ነው። አንዱ አልበቃቸውም፤ ሁለቱን ደራርበው ሰፉት።

አሁን እዚህ ጋ ቆም እንበል። ስዊድን ከ1886 ወዲህ በአገሯ ውሾች መካከል ይህ በሽታ የለባትም። በዋናው የኖርዌይ ምድርም የለም፤ ወደ ሰሜን ዋልታ በተጠጉት የስቫልባርድ ደሴቶች ቀበሮዎች ላይ ነው የሚገኘው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ሰው ከእስያ ጉዞ ተመልሶ ኖርዌይ ውስጥ በዚህ በሽታ ሲሞት፣ በዚያች አገር ከ1815 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ የእነሱ ቋንቋ ቃሉን ለስድብ ቢያውለው አይገርምም፤ በሽታው ሄዶ ቃሉ ብቻውን ቀርቷል። ባዶ ቤት ነው፤ ማንም ይገባበታል። እኛ ጋ ግን ባለቤቱ ገና ከቤቱ አልወጣም።

የእኛን ስም እንየው። በአማርኛ «የእብድ ውሻ በሽታ» ነው። በኦሮምኛ «ዱኩባ ሰሬ መራቱ» ይላሉ፤ ያው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ትግርኛውም «ዕቡድ ከልቢ» ይላል። ጥንታውያን ግሪኮች «ሊሳ» ብለውታል፤ ሊሳ ደግሞ በጦር ሜዳ ጀግናውን የሚይዘው የቁጣ እብደት ነው፤ ቫይረሱ የሚመደብበት ወገን ዛሬም «ሊሳቫይረስ» ነው የሚባለው። እንግዲህ ከአይስላንድ እስከ ወለጋ ሰው ሁሉ ሳይመካከር አንድ ነገር አይቷል ማለት ነው፦ ውሻው አብዷል።

«አበደ» የሚለው የራሳችን ቃልም ታሪክ አለው። በግዕዝ «አብድ» ሲባል አስቀድሞ ሰነፍ፣ ማስተዋል የጎደለው ማለት ነው። የግዕዙ ዳዊት «አብድ» ብሎ የጠራውን ሰው የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ሰነፍ» ብሎ ተርጉሞታል። ማለትም የማሰብ ጉድለት ነበረ፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ጨርቁን የጣለ፣ ድንጋይ የሚወረውር ሰው ሆነ። «እብድ» ስንል ዓይናችን የሚፈልገው ጩኸትን፣ ሩጫን፣ አረፋን ነው።

ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ዓይናችንን ወደ እብደቱ ይመራዋል፤ ሞት ግን የሚመጣው በንክሻው ነው።

ሐሙሲትን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትወጡ የምታልፏት ከተማ ናት። ስሟ እንደሚነግራችሁ የሐሙስ ገበያ ናት። ሐሙስ ዕለት ከደራ ቀበሌዎች ሁሉ እህሉም፣ በጉም፣ ዶሮውም ይወርዳል፤ ከጣና ዳር ዓሣው ይመጣል። ውሻውም አብሮ ይመጣል። ከሥጋ ቤቱ ጀርባ፣ ከዓሣው መገፈፊያ፣ ከምግብ ቤቶቹ ጓሮ የሚያድር ባለቤት የለሽ ውሻ አለ፤ ባለቤት ያለውም ቢሆን ታስሮ አይውልም። እንዲህ ባለ ቀን አንድ ሰው ተነክሶ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ስለ ውሻው ብጠይቀው፣ ከአሥሩ ዘጠኙ የሚመልስልኝ አንድ ነው፦ «ኧረ ደህና ውሻ ነው ዶክተር፤ አላበደም።» ብዙዎቹ ጭራሽ አይመጡም። ውሻው እስኪያብድ ይጠብቃሉ።

ውሻው ላያብድ ይችላል። በሽታው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ ውሻው ያገኘውን ይናከሳል፣ ድንጋይ ያኝካል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ሳይታወቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል። ሁለተኛው ዝም ያለው ነው። መንጋጭላው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ጥግ ይዞ ይተኛል። ባለቤቱ አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። እብደት የለም፤ መርዙ ግን ምራቁ ውስጥ አለ። በሰውም ቢሆን ከአምስት ታማሚ አንዱ አካባቢ በዚህ በጸጥተኛው መንገድ፣ ከተነከሰበት ቦታ እየሰነፈ በሚሄድ ሽባነት ነው የሚሞተው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሌላ በሽታ ስም ተሰጥቶት ይቀበራል።

ከዚህም የሚብስ አለ፤ ይህን ያስተማሩን ደግሞ የራሳችን ሰው ናቸው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መኮንን ፈቃዱ ዕድሜያቸውን በዚህ በሽታ ላይ አሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ በተገኘው ቫይረስ የተያዙ ውሾች አንዳንዶቹ የሕመም ምልክት ከማሳየታቸው 13 ቀን በፊት ጀምሮ ቫይረሱን በምራቃቸው ያወጡ እንደነበር አሳይተዋል። ከሜክሲኮ በመጣው ቫይረስ ግን ከ7 ቀን አላለፈም። አሥራ ሦስት ቀን! ጭራውን እየቆላ፣ እየበላ፣ ከልጆች ጋር እየተጫወተ። ይህን ጥናት ለተማሪዎች ባስረዳሁ ቁጥር ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ምክንያቱም ሁሉም በልጅነቱ የነከሰውን የራሱን ቤት ቡችላ ያስታውሳል።

ውሻውን 10 ቀን ጠብቁ የሚለው መመሪያ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። መመሪያው ግን ክትባቱን ጀምራችሁ ውሻውን ተከታተሉ፤ 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ከሆነ ክትባቱ ሊቋረጥ ይችላል ነው የሚለው። እኛ ጋ ሲደርስ ግማሹ ወደቀና «ዝም ብለህ ጠብቅ» ሆነ።

አሁን ወደ ውኃው እንመለስ።

ዕድሜውንና ቀበሌውን ለውጬ ነው የማወራችሁ። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቱና አጎቱ አምጥተውት አየሁ። ከሁለት ወር በፊት የቤታቸው ቡችላ እጁን ጫር አድርጎታል፤ ደም እንኳን በቅጡ አልወጣውም። ቡችላው ከጥቂት ቀን በኋላ ጠፋ፤ ጅብ በላው ተባለ። ልጁ ወደ እኔ የመጣው ከጠበል ነው። አራት ቀን ሙሉ ጠበል ሊያጠጡት ሞክረው ጽዋው ወደ ከንፈሩ ሲቀርብ ጉሮሮው ይኮማተራል፣ ይንዘፈዘፋል፣ ይጮኻል። አጎቱ፣ «ሰይጣኑ ጠበሉን ፈራ፤ ሊወጣ ነው» ብሎ ያምን ነበር። እናትዬዋ ደግሞ ሰው ሁሉ «ልጁ አበደ» ስላላት መቀመጫ አጥታለች።

ይህ የስዊድኖቹ «ቫቱስክሬክ» ነው። ፍርሃት ብለን እንጠራዋለን እንጂ በመጀመሪያ ፍርሃት አይደለም። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ ላይ እየተሳበ አንጎል ይደርሳል፤ ከደረሰ በኋላ የመዋጥና የመተንፈስ ጡንቻዎችን የሚያዝዘው ክፍል ይታወካል። በሽተኛው ይጠማዋል፤ ሊጠጣ ሲል ጉሮሮው በኃይል ይኮማተርና ትንፋሹን ያቋርጠዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በኋላ ውኃ ማየትም፣ ሲፈስ መስማትም፣ የነፋስ ሽውታም ያው መንዘፍዘፍ ያመጣበታል። እናንተስ ብትሆኑ አትፈሩም?

ሰይጣን ነው ያሉትን አልንቃቸውም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ሴልሰስ፣ እስከ ዛሬ በሕክምና ታሪክ የምንጠራው የተማረ ጸሐፊ፣ ለዚህ ሕመም ያለው አንድ መድኃኒት በሽተኛውን ሳያስበው ኩሬ ውስጥ መወርወር ነው ብሎ ጽፏል። ዋና የማይችል ከሆነ እየሰመጠ ይጠጣ፣ ከዚያ ይነሣ፤ ጥሙም የውኃ ፍርሃቱም አብሮ ይለቀዋል ነው ነገሩ። እንግዲህ የሮማው ሊቅና የደራው ገበሬ ያዩት አንድ ነገር ነው፤ ያዘዙትም አንድ ነገር ነው።

ያን ዕለት ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። የዚህ በሽታ ታማሚ በመንዘፍዘፎቹ መካከል አእምሮው ይመለሳል። ያውቃል፣ ይሰማል፣ ሰው ይለያል። ያ ልጅ በዙሪያው «አበደ፣ አበደ» ሲባል ሰምቶ ወደ እናቱ ዞሮ፣ «እማዬ፣ አላበድኩም፤ ውኃው ነው እንቢ ያለኝ» አላት። በማግስቱ ዐረፈ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ልናድነው የምንችልበት መንገድ አልነበረንም፤ ዓለምም የለውም፤ ከዚህ በሽታ ምልክት በኋላ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኛ ማድረግ የቻልነው ክፍሉን ማጨለም፣ ነፋስ መከልከል፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት መስጠትና እናቱ እንድታቅፈው መፍቀድ ነው። እብድ ነው ብለን እንዳናስረው ማድረግም አንድ ሕክምና ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ስም የሚጎዳው እነሱን ብቻ አይደለም። የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰውም ከውሻ ጋር አንድ ገመድ ላይ ያስረዋል። አንዲት ሴት ልጇ በአእምሮ ሕመም ሲታመም ጎረቤት ልጆቹን «ይነክሳችኋል» እያለ ማሸሽ ጀመረ ብላ አልቅሳልኛለች። አይነክስም፤ ቢነክስም ሬቢስ የለበትም። አንዱ ቫይረስ ነው፣ ሌላው ሌላ ነው።

አማርኛ ደግሞ ከ«እብድ» ሌላ አንድ ቃል አለው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። «ለከፈ» እንላለን። ውሻ ለከፈው። ሰይጣንም ለከፈው። ዛሬ ደግሞ መንገድ ላይ ሴት የሚያስቸግረውን ጎረምሳ «ለካፊ» እንለዋለን። ጫር አድርጎ፣ ነካ አድርጎ መሄድ ነው፤ ትልቅ ቁስል አያስፈልገውም። እንደ ሐኪም ሳየው ከ«እብድ ውሻ» ይልቅ ይህ ቃል ለእውነቱ ይቀርባል። ትንሽ ጭረት፣ በቆሰለ ቆዳ ላይ የዋለ ምራቅ ይበቃልና። ጉዳቱ ግን ያው ቃል «ልክፍት» ሲሆን ነገሩን ከውሻው ላይ አንሥቶ ለመንፈስ ይሰጠዋል፤ መንፈስ ደግሞ መርፌ አይፈራም ተብሎ ይታመናል።

ባህላዊ መድኃኒቱንም ዝም ብዬ አላልፍም፤ ብዙዎቻችን በቤታችን ያየነው ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለዚህ በሽታ ታሪክና ባህላዊ ሕክምና በኢትዮጵያ አንድ ጽሑፍ አሳትመዋል፤ በ1903 በአዲስ አበባ የተነሣው ወረርሽኝም በታሪክ ተመዝግቧል። የእንዶድ ሥር፣ ብሳና፣ የምድር እምቧይ ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ማስታወክና ማስቀመጥ ያመጣሉ፤ ሰውየው «መርዙ ወጣ» ይላል። እንዶድ ቀንድ አውጣ የሚገድል፣ ልብስ የሚያጥብ ተክል ነው፤ አክሊሉ ለማ በዓለም የታወቁበት ነው። ሆድ ውስጥ ሲገባ ቫይረሱን ከነርቭ ላይ አያወጣም። ታዲያ መድኃኒተኛው ለምን ይታመናል? ምክንያቱም በበሽታው ከተያዘ ውሻ የተነከሰ ሰው ሁሉ አይታመምም። ካልታመሙት መካከል መድኃኒቱን የጠጣ ሁሉ ምስክር ይሆናል፤ የሞተው አይመሰክርም።

ለዘመናዊው ሕክምና ያለው ፍርሃትም ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ጉለሌ ያለውን የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» ነው የሚለው፤ የድሮ ስሙ ነውና። እዚያ ይሠራ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ፣ ፌርሚ በተባለው ጣሊያናዊ ስም የሚጠራው ዓይነት ነው። በየቀኑ እስከ 14 ቀን ሆድ ላይ ይወጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1984 ጀምሮ እንዲቀር ቢመክርም እኛ ጋ ከዚያ በኋላም ረጅም ዘመን አገልግሏል። ሕመሙም፣ ከስንት አንዴ በነርቭ ላይ የሚያመጣው ጉዳትም እውነት ነበር፤ ግን ብዙ ሰው አትርፏልና አልረግመውም። አያቶቻችን «በእምብርት ዙሪያ ሃያ አንድ መርፌ» እያሉ ያወሩልን የእሱ ጥላ ነው። የዛሬው ሌላ ነው። ክንድ ላይ የሚሰጥ፣ አራት ወይም አምስት መርፌ ነው። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ በዙሪያው የሚወጋ የተዘጋጀ የመከላከያ ፕሮቲን ይጨመራል፤ ይህኛው ውድ ነው፣ በየጤና ጣቢያውም አይገኝም፣ መንገድ በተዘጋ ሰሞን ደግሞ ተራው ክትባትም ያልቃል። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን፣ እቤት ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚጠቅም እንድታውቁ ነው።

እቤት ያለው ሳሙናና ውኃ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ? ቫይረሱም የሚገባው ውሻው በቀደደው ነው። ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፤ ሰዓት አይታችሁ፣ እውነተኛ 15 ደቂቃ። ቫይረሱ ቅባታም ልባስ ስላለው ሳሙና ይገነጣጥለዋል። በርበሬ፣ ቡና፣ ቅቤ መነስነስና መቀባት የለም። ቁስሉ ወዲያው አይሰፋም። ከዚያ ወደ ክትባቱ። በሽታው ከንክሻ እስከ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ስለሚወስድ «አንድ ሳምንት አልፎኛል» ብሎ መቅረትም ስህተት ነው፤ ምልክት እስካልጀመረ ድረስ መምጣት ይሻላል።

ከልጁ ሞት በኋላ በዚያው አካባቢ ጠበል የሚያጠምቁትን አባ ሄጄ አነጋገርኳቸው። ጠበሉን ልቃወም የሄድኩ መስሏቸው ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «አባ፣ እኔም ተጠምቄ ያደግሁ ነኝ፤ የምለምንዎት ተራውን ብቻ ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ሲመጣ ቁስሉ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፤ ወደ እኔ ይምጣ፤ ከዚያ እርስዎ ያጥምቁት» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ፣ ውኃው እኛም ጋ አለ፤ የጎደለን ሳሙናው ነው» አሉኝ። አሁን እሳቸው የላኩት ሰው ሲመጣ፣ ቁስሉ የሳሙና ሽታ አለው።

ስሙን እንለውጥ ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ስዊድኖች በሐኪም ቤት «ቫቱስክሬክ»ን ትተው «ራቢየስ» አሉት፤ ዴንማርክ ግን እስከ ዛሬ ሁለቱንም ይላሉ። እንግሊዝ አገር የከብቶች በሽታ በተነሣ ጊዜ ደግሞ ጋዜጠኛው ሁሉ «የእብድ ላም በሽታ» አለው፤ የአገራችንም ሬዲዮ እንደዚያው ተረጎመው። እብደት የምትለው ቃል ከሰው አፍ በቀላሉ አትወጣም። «የእብድ ውሻ በሽታ»ን ከገበሬው አፍ መንጠቅ አልችልም፤ መንጠቅም አልፈልግም፤ ሲያብድ ያዩትን ውሻ እንዲሸሹ ያደርጋልና። እኔ የለወጥኩት ጥያቄዬን ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም የምለው ይህንኑ ነው፦ «ውሻው አብዶ ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ምራቁ ነክቶሃል?» በሉ። ስለ ድመትም ጠይቁ። ስለ አህያም። ቀይ ቀበሮን እንኳን አልማረም፤ ባሌ ተራሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ1991ና 92፣ ኋላም በ2003 ቀበሮዎቹን የጨረሰው ከሰፈር ውሻ የወጣው ይኸው ቫይረስ ነው።

በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶው 99ኙ በውሻ ምክንያት ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ከ100 ሰዎች 40ው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ስዊድን ነፃ የወጣችው ሰዎቿን ሁሉ ወግታ አይደለም፤ ውሻ ላይ ሠርታ ነው። ዛሬ የሚታወቀው ልክ፣ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተበ ሰንሰለቱ ይቆረጣል። የአንድ ውሻ ክትባት ዋጋ የአንድን ሰው ሙሉ ክትባት ዋጋ አጠገቡም አይደርስም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ኮሚቴው ቀድሞ ስላላወቀ ይቅር ይበለኝ። ዓለም አቀፉ የሬቢስ ቀን የሚውለው ሉዊ ፓስተር ባረፈበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ነው። በእኛ መስከረም 18 ይሆናል፤ የጳጉሜን ስድስት ከዋለች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ መስቀል ዕለት ራሱ ላይ ይወድቃል። ሁላችንም በዚያ ሰሞን አገር ቤት ነን። ሥጋውም አለ፣ ውሻውም ከአጥንቱ ዘንድ ተሰብስቧል፣ ልጁም ውሻውን አንገቱን ይዞ ለማምጣት ትምህርት ቤት አልገባም። ከመካከላችን የእንስሳት ሐኪሞች አሉ፤ ከፊት ተቀምጠው አያለሁ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። ገንዘብ ያዦች አላችሁ። መኪና ያላችሁ አላችሁ። የወረዳውን የእንስሳት ጤና ሰዎች እኔ አነጋግራለሁ። በሐሙሲት እንጀምር፤ ሐሙስ ግን አይሁን፤ ገበያተኛውና ውሻው ተደባልቀው መርፌ ይዘን ስናሳድድ እንዳንውል። ስንት ውሻ እንዳለ አስቀድሞ የሚቆጥር ሁለት ሰው እፈልጋለሁ። ስማችሁን ከሻይ በኋላ ከእኔ ጋር አስመዝግቡ።